«ፍሪጁን አትላኪው» እንዴት ልበላት?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። 29 ዓመቴ ነው፣ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ባንክ ቤት ይሠራል። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ከተጋባን ጀምሮ የኖርነው ኮተቤ ውስጥ በኪራይ ነው። አሁን በስንት ልፋት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገዝተናል፤ አራተኛ ፎቅ ነው። ቀለሙ አልቋል። የቀረው ወጥ ቤቱ ነው።

ጭቅጭቁም የጀመረው እዚያ ነው። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ያየውና በጣም የወደደው ኩሽና አለ። ባለ 90 ሳንቲ ስቶቭ ከነኦቭኑ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ ሁለት በር ፍሪጅ። እኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስለው «አዲስ ኩሽና ውስጥ እንፋሎትና ሊጥ አላስገባም፣ እንጀራ ይገዛል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ግቢ፣ ተራ ጠብቄ፣ በጭስ እየተጨናበስኩ የጋገርኩት ይህን ቀን እያሰብኩ ነው።

ይባስ ብሎ ሜሪላንድ ያለችው እህቱ ኮንቴይነር የሚጭን ሰው አገኘች። ቤቷን ስታድስ ያወጣችውን ፍሪጅና ማይክሮዌቭ ልትልክልን ነው። «እንደ አዲስ ነው፣ እንዳትገዙ» አለችን። ባለቤቴ ደስታውን አልቻለውም። እኔ ግን አንዲት ባልደረባዬ የአሜሪካ ዕቃ እዚህ ይቃጠላል ስትለኝ ፈራሁ። አልፈልግም ብል ምስጋና ቢስ እባላለሁ። ቤቱን ስንገዛ የደገፈችን እሷ ነች እኮ! እስከ እሁድ መልስ ትፈልጋለች።

ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ለወጥ ቤቱ ዕቃ ያሰብነው እሱን ነው። ብሩ የኔ ነው፤ ስለ ወጥ ቤቱ የሚወስነው ግን ከኔ በቀር ሁሉም ሰው ነው። ምን ይመክሩኛል?

ጭስ የሰለቻት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ እንኳን ለራስሽ ቤት አበቃሽ። ቀን የተቆረጠለትን ነገር እናስቀድም፤ እሁድ ሩቅ አይደለም።

ባልደረባሽ የነገረችሽ እውነት አለው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። «ትራንስፎርመር ገዝተን እናስተካክለዋለን» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ባለቤትሽም ሳይልሽ አይቀርም። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ሁለተኛ ልዩነት አለ። እዚያ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ እዚህ 50 ጊዜ፤ ኸርዝ የሚባለው ይህ ነው። ያንን ትራንስፎርመር አይነካውም። ለ60 የተሠራ የፍሪጅ ሞተር በ50 ሲነዳ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አብዛኛው ማይክሮዌቭም ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ለ60 የተለካ ስለሆነ እዚህ ሲሠራ ከልኩ በላይ ይግላል።

በዚያ ላይ ፍሪጅ ሲነሳ በተለመደው ጊዜ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው የሚስበው። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ትልቅ መሆን አለበት። ሃያ አራት ሰዓት ተሰክቶ ይውላል፣ ያድራል፣ ራሱም መብራት ይበላል። የአሜሪካ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ያንን በኮንዶሚኒየም ደረጃ አራት ፎቅ አዙሮ ማውጣት፣ ከዚያ በወጥ ቤትሽ በር ማስገባት! የጉምሩኩን ቀረጥ ማን እንደሚከፍልም እስካሁን የጠየቀ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ይህን ሁሉ ግን አንቺ አትንገሪያት። ሁለት ነገር ላስቸግርሽ። አንደኛ፣ ፍሪጁ ውስጥ ግድግዳው ላይ ወይም ከበሩ ጠርዝ ጀርባ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ ማይክሮዌቩም አለው። ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ። «115 (ወይም 120) ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ ነገሩ አበቃ። ከ220 እስከ 240 ቮልት እና 50 ኸርዝ የሚል ከሆነ ደግሞ በደስታ ተቀበሉ፤ የሚሆን አይመስለኝም እንጂ። በዚህ መንገድ እምቢ የሚለው ወረቀቱ ነው፤ አንቺ የለሽበትም።

ሁለተኛ፣ ደውሎ የሚነግራት ባለቤትሽ ይሁን። እህቱ ናት። ከሱ አፍ ሲወጣ የመብራት ጉዳይ ነው፤ ከአንቺ አፍ ሲወጣ ግን «ምራታችን ናቀችው» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ያልሽው ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ቤተሰብ እንዲህ ነው። አንቺ ከጎኑ ተቀመጪ። እሱ እንዲህ ሊላት ይችላል፦ «እህቴ፣ ፍሪጁ እዚህ መብራት ላይ ይቃጠላል፣ ያንቺ ዕቃ ተበላሽቶ ማየት አልፈልግም። ግን ከአንቺ እጅ የሆነ ነገር ወጥ ቤታችን ውስጥ እንዲኖር እንፈልጋለን።» ከዚያ ስልኩን ተቀበይና የምትፈልጊውን ስም ጠርተሽ ንገሪያት። ምድጃ ላይ የሚጣድ ፕሬዠር ኩከር፣ ወፍራም ድስት፣ ደህና ቢላዋ። እነዚህ መብራት አይጠይቁም፣ ኮንቴይነር ውስጥም ቦታ አይፈጁም። እዚህ በዚያ ጥራት ማግኘትም ቀላል አይደለም። የሚሰካ ነገር ካማራት «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ትምረጥ። ሰው ሊሰጥሽ ሲዘረጋ እጁን ባዶውን ከመመለስ ሌላ ነገር መጠየቅ ይሻላል። እሷም የምትፈልገው የሰጠችው ነገር ቤታችሁ እንዲታይ ነው ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ምጣዱ። እዚህ ላይ አዳላለሁ፤ አስቀድሜ ልንገርሽ።

ባለቤትሽ «እንጀራ ይገዛል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ክርክሩን ትተሽ፣ ዝም ብለሽ ለማወቅ። አንዳንድ ወንድ ይህን የሚለው ሚስቱ እንድታርፍ አስቦ ነው። አንዳንዱ አዲሱ ቀለም ያሳስበዋል። አንዳንዱ ደግሞ ያደገበት ማድቤት ትዝ ይለውና ያንን ሕይወት አዲሱ ቤት ውስጥ ማየት አይፈልግም። መልሱ እንደየምክንያቱ ይለያያል። ድካምሽ ካሳዘነው «ጭሱ ነው ያደከመኝ፣ መጋገሩ አይደለም» በይው። ቀለሙ ከሆነ መፍትሔ አለው። ምጣዱን ከመስኮቱ ሥር ማድረግ፣ አየር የሚያወጣ ትንሽ ፋን ማስገጠም፣ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ሴራሚክ ማልበስ ይቻላል። ከላዩ የተሰቀለ የእንጨት ቁምሳጥን እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቂ፤ እንፋሎት ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ እንጨት ያሳብጣል። ብዙ የኮንዶሚኒየም ሰው በረንዳ ላይ ነው የሚጋግረው። ያንቺ በረንዳ ዝናብ የማያገኘው ከሆነ እሱም አንድ መንገድ ነው።

አንቺስ? ጭሱ ከሌለ መጋገሩን ትወጂዋለሽ? ወይስ ለዓመታት «አንድ ቀን በራሴ ምጣድ» እያልሽ የኖርሽው ነገር ስለሆነ ነው? ሁለቱም ምክንያት ነው፣ አላጣጥልም። ብቻ ለራስሽ ለይተሽ እወቂው። የትምህርት ቤት ሥራ፣ የአራት ዓመት ልጅ፣ ከጀሞ የታክሲ ሰልፍ… አንዳንድ ሳምንት መግዛትሽ አይቀርም። ቢሆንም ምጣዱ ይኑር እላለሁ። ሳምንት አንዴ የምትጋግር ሴት ናት እንጀራው ሲያልቅባት ሱቅ የማትሮጠው። ደግሞ እንጀራ ብቻ አይጋገርበትም፤ የዓመት በዓሉ ድፎ ዳቦም አለ።

ምጣድ ከመግዛትሽ በፊት ግን ግድግዳውን ተመልከቺ። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ስታካፍይው 16 አምፔር ይሆናል፤ ተራ ሶኬት የሚችለው መጨረሻው ይኸው ነው። ሰዓት ተኩል ሙሉ በዚያ ልክ ሲሠራ ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። «ሶኬቴ ተቃጠለ» የሚሉሽ ሰዎች አብዛኞቹ ምጣድ ሰክተው ነው። በኤክስቴንሽን የሰኩትማ ዕድለኛ ከሆኑ ነው ሶኬቱ ብቻ የሚቃጠለው።

ስለዚህ ከዕቁቡ ብር መጀመሪያ የሚወጣው ለኤሌክትሪሺያን ይሁን። ፈቃድ ያለው፣ ጎረቤት የመሰከረለት። ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ይዘርጋልሽ። ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ አርዝ ያለው። ለስቶቩም ሌላ የራሱ መስመር። ቆጣሪሽ ምን ያህል እንደሚችልም ይንገርሽ። ቀለሙ አልቋል ብለሽኛል፤ ግድግዳ መፈልፈል ሊያናድድሽ ይችላል። በፕላስቲክ ቦይ ከግድግዳው ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ አያምርም፣ ግን አያቃጥልም።

ባለቤትሽ የወደደው ባለ 90 ስቶቭስ? እዚህም መልሱ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ሁሉም ምድጃው ኤሌክትሪክ የሆነ ስቶቭ ከነኦቭኑ አንድ ላይ ሲበራ ከ7,000 ዋት ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ ምጣድ ጨምሪበት። ቤቱ ይጨልማል። እኔ ብሆን ባለ 60 ሳንቲሜትር፣ ቢያንስ ሁለቱ ምድጃ የጋዝ የሆነ ቅልቅል ስቶቭ ነው የምገዛው። መብራት ሲሄድ ሻይ ይፈላል፣ የልጅ ምሳ ይሞቃል። ለባለቤትሽ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። በባዶ ሱቅ ውስጥ ሰፊ የሚመስለው ባለ 60 ስቶቭ ላይ የዶሮ ወጥ ድስት ሲጣድበት ጎረቤቱን ምድጃ ይሸፍነዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ሃያ ሰው የሚበላባችሁ ከሆነ ባለ 90ው ቅንጦት ላይሆን ይችላል። ሜትር ይዛችሁ ወለሉ ላይ በኖራ አስምሩ። 90ው ከገባ በኋላ ለምጣዱ ቦታ አለ? የምጣዱ ስፋት ብቻ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የፍሪጁ በር ይከፈታል? ሰው ያልፋል? ከኔ ምክር የኖራው መስመር ይበልጥ ያሳምነዋል።

ጋዙን ከመረጣችሁ ሲሊንደሩ ከባድ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን እንደሚያወጣው አስቡ። ጋዝ አንዳንዴ ከከተማ ይጠፋልና ምድጃው ሁሉ ጋዝ እንዳይሆን ያልኩሽም ለዚህ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያመልጥ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ሽታ ከሸተተሽ ማብሪያ ማጥፊያ ሳትነኪ ሲሊንደሩን ዝጊ፣ በርና መስኮት ክፈቺ። ሁልጊዜ አብስለሽ ስትጨርሺ ከላይ ከራሱ ዝጊው፤ የአራት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ነው።

ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ለጊዜው ተዉት። ጀሞ ላይ አራተኛ ፎቅ ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ፣ ሮቶ ቢኖርም ግፊት ከሌለ ማሽኑ ውሃ አልሞላም ብሎ ይቆማል። ቧንቧውንና የሚሰካበትን ቦታ ከወዲሁ አዘጋጅታችሁ ተዉት፤ ውሃውን ስታውቁት ትገዛላችሁ። ባለቤትሽ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን የፈለገው ሳህን ማጠብ እሱን ስለሚደርሰው ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ቀልዴን ነው። ትንሽ ግን ጠይቂው።

ፍሪጅ ላይ አትቆጥቢ። ለሦስት ሰው ከ250 እስከ 300 ሊትር ይበቃል፤ ሁለት በር ባይሆንም ከላይ የራሱ በር ያለው ፍሪዘር ይኑረው። ቅቤ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ቁሌት አብስለሽ የምታስቀምጪ ከሆነ ፍሪዘሩ ነው የሚያሳርፍሽ። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ሲነሳ እንደ ድሮው በአንዴ አይስብም፣ መብራትም ይቆጥባል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፣ ብዙ የተጠቀመ ደግሞ በኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከፍ ይላል። ፍሪጅ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ ስለሆነ ልዩነቱ እዚያ ላይ ይታያል። ምጣዱ እንኳ ሳምንት አንዴ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባለቤትሽ «መብራት ይፈጃል» ካለሽ ይህን ቁጥር ንገሪው። የኢንቨርተሩ ድክመት ሰርኪቱ ቮልት ሲዘል መጎዳቱ ነው። ስለዚህ መከላከያውን አብረሽ ግዢ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀውን ዓይነት። ስትገዢ ሱቁ ውስጥ ሰክተው ያሳዩሽ። ማኅተም ያለበት ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ተቀበይ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውም ጠይቂ። ሻጩ «ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» ካለሽ ወረቀት ላይ እንዲጽፈው ጠይቂው።

አሁን ወደ ብሩ። የዕቁቡ ብር የኔ ነው ብለሻል። ቤቱ ግን የሁለታችሁ ነው፣ ኩሽናውም። «ብሩ የኔ ስለሆነ እኔ እወስናለሁ» ብትይ ለዛሬ ታሸንፊያለሽ፤ ነገ ለሳሎኑ እሱ ሲያወጣ ምን ትይዋለሽ? በሌላ በኩል አንቺ በየቀኑ የምትቆሚበት ቦታ ላይ ድምፅሽ አለመሰማቱ ልክ አይደለም፣ እንዲሁ መቅረት የለበትም። ቅዳሜ ልጅቷ ስትተኛ ቁጭ በሉ። ስለ ዕቃ ሳታነሱ መጀመሪያ ያለፈውን ሳምንት ምግብ ጻፉ። ሰኞ ምን በላን፣ ማን ሠራው፣ በምን ሠራው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ኦቭን ቢኖረን ስንት ጊዜ ይበራ ነበር? እሱ ዓርብ ማታ ፓስታ የሚሠራ ሰው ከሆነ ምድጃው ላይ እኩል ድምፅ አለው። ጨርሶ የማይገባበት ከሆነ ወረቀቱ ያሳየዋል፤ አንቺ መናገር አያስፈልግሽም። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ያለ ክርክር አንድ አንድ ነገር ምረጡ። አንቺ ምጣዱን፣ እሱ የሚወደውን አንዱን፣ ቦታውና ሽቦው ከቻለው። የተረፈውን አብራችሁ።

ሁሉንም በአንድ ወር አትግዙ። ብድርና ቁጠባ ገብታችሁ እንዳትበደሩለትም እለምናችኋለሁ። ቤት ገዝታችሁ ገና ሳታርፉ፣ ሦስት ወር ኖራችሁበት ሳታውቁት፣ ለማሽን ብላችሁ ዕዳ አትጨምሩ። ሽቦው፣ ፍሪጁ፣ ምጣዱ፣ ስቶቩ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሆን ደስ ይለኛል። ብሩ ካልበቃ ስቶቩ ይቆይና ሁለት ምድጃ ያላት ትንሿ ቡታጋዝ ለጊዜው ታሳልፋችኋለች።

ፍሪጁ ሲመጣ ተሸካሚዎቹ ቀጥ አድርገው ያምጡት። በጎኑ አጋድመውት ከሆነ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይሰካ ቆሞ ይደር፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ። ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲሜትር አራቂው። አዲሱን ምጣድ ደግሞ ደረጃ ላይ እንዳያጋጩብሽ አንቺው አብረሽ ውጪ፤ ሸክላ ነው። ሳታሟሺው እንዳትጋግሪበት። ጎመን ዘርሽን ከወዲሁ ግዢ፣ ስታሟሺውም መስኮቱን በደንብ ክፈቺ፣ በተለይ ባለቤትሽ ቤት ካለ።